አንድ እጅ ቫርኒሽ

ሰፈሩም ጋራዡም «ጋሽ መስታወት» ይለዋል። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም መታወቂያው ላይ ካልሆነ የትም አይገኝም፤ ሚስቱ እንኳ የምትጠራበት ስትናደድ ብቻ ነው። ቅጽሉን ያወጣለት አንድ ባለታክሲ ነው ይባላል። ሰውየው መኪናውን ሊረከብ መጥቶ፣ አዲስ የተቀባው በር ላይ ጎንበስ ብሎ ጺሙን ዳሰስ ዳሰስ አደረገና «ፀጉር አስተካካዩ ለካ ሸውዶኛል» አለ አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ ተለጠፈበት፤ እሱም አልጠላውም።

መኪና መቀባት ብዙ ሰው የሚሠራው ሥራ ነው። የተጋጨውን ማቃናት፣ ስቱኮ መሙላት፣ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፣ መቀባት፣ እንደገና መፈግፈግ። ጋሽ መስታወት ይህን ሁሉ ለረዳቶቹ ይተው ነበር። የመጨረሻዋን አንድ እጅ ቫርኒሽ ግን ለማንም አሳልፎ አይሰጥም። የጋራዡን በር ይዘጋል፣ አቧራ እንዳይነሳ ወለሉን በውሃ ያርሳል፣ ክር እንዳይረግፍበት ሸሚዙን ያወልቃል፤ ከዚያ መርጫውን ይዞ፣ ትንፋሹን ውጦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል። በዚያ ሰዓት ስልክ ቢጮህ፣ ባለመኪናው በሩን ቢደበድብ፣ ወይ ፍንክች። «ቫርኒሽ የሌለው ሥራ» ይል ነበር፣ «ፊቱን ሳይታጠብ ሰርግ የሄደ ሰው ማለት ነው።»

ደንበኛን በተመለከተም የራሱ ፍልስፍና ነበረው። ሰው «አያስፈልግም፣ ይበቃል» ሲል አፉ ነው እንጂ ልቡ አይደለም ባይ ነው። አንዱ ዋጋ እንዳይጨመርበት ፈርቶ፣ ሌላው ይሉኝታ ይዞት ነው። እንቢ ያለውን ሰው ቀብተህ ስታሳየው ግን ዓይኑ ይበራል፣ ይመርቅሃል፣ በሳምንቱ ጎረቤቱን አስከትሎ ይመጣል። በዚህ ዘዴ ዕድሜውን ሙሉ ሠርቷል፤ ለምን አሳመርክብኝ ብሎ የተጣላው አንድም ሰው የለም። ስለዚህ «አያስፈልግም» የሚለውን ቃል መስማት ካቆመ ቆይቷል።

ቤት ውስጥም ያው ነው። አንዲት ሴት ልጅ አለችው። ትንሽ ሆና ትምህርት ቤት ስትሄድ በር ላይ አቁሞ ጫማዋን ወደ ብርሃን አዙሮ ያያል፤ ካላንጸባረቀ ትመለሳለች። ፈተና ዘጠና አምጥታ ስትመጣ «አሥሩ የት ሄደ?» ይላታል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የሚወደውን ነገር ካልወለወለ የወደደው አይመስለውም። ልጅቷ ታዲያ «አባዬ እኔንና መኪናን አይለይም፣ ልዩነታችን እኔ ጎማ የለኝም» ትል ነበር። አደገች፣ ነርስ ሆነች፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች የሚተኙበት ክፍል ተመደበች። እስካሁንም የምትኖረው ከእናትና አባቷ ጋር ነው። እልኋ የአባቷ፣ ምላሷ የእናቷ ነው።

ሳንባው የከዳው ኋላ ላይ ነው። ዕድሜ ልኩን አፉን በጨርቅ አስሮ ሲቀባ፣ ጨርቁ ከሚያስቀረው የሚያሳልፈው ይበልጥ ነበር። ሐኪሙ «ወይ ቀለሙን ወይ ሳንባዎን ይምረጡ» አለው። ሚስቱ ይህን ስትሰማ «እስካሁን እኮ ሳንባውን ሳይቀር ቫርኒሽ ቀብቶታል» ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ማድ ቤት ገብታ አለቀሰች። ጋራዡን ለረዳቶቹ ለቀቀና ቤት ተቀመጠ። ቤት የተቀመጠ ባለሙያ ደግሞ ከጠላት ይብሳል። ቁም ሳጥኑን ቀባ፣ በሩን ቀባ፣ የበሩን እጀታ ቀባ። አንድ ቀን ሚስቱ የድስት ክዳን እያገላበጠ ሲያስብ ያዘችው።

«አንቺ ልጅ» አለቻት ልጇን ሥራ ቦታዋ ደውላ፣ «አባትሽን ከዚህ ቤት አውጪልኝ፣ አለዚያ እኔንም ይቀባኛል።»

ደግነቱ በዚያው ሰሞን ሆስፒታሉ ውስጥ ቀቢ የሚፈልግ ሰው ተገኘ። አንዲት ኬሚስት ከግቢው ጀርባ ባለች ቤተ ሙከራ የሕክምና ዕቃ ላይ የሚቀባ አዲስ ነገር ትሞክራለች። ነገሩ ጥሩ ሆኖ ሳለ አቀባቡ አልሆንላት ብሏል። ተማሪዎቿ በብሩሽ ሲቀቡት አንዱ ጋ ይወፍራል፣ አንዱ ጋ ይሳሳል፣ ሲደርቅ እንደ አሮጌ ግድግዳ ይፈረፈራል። ነርሷ ይህን ሰምታ «አባቴ ይችልበታል፣ ግን ሳንባ የለውም» አለቻት። ኬሚስቷም አየሩን ወደ ውጭ የሚስብ ትልቅ ማራገቢያና ፊት ላይ ግጥም የሚል ጭንብል እንዳላት ነገረቻት። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ነውና ጋሽ መስታወት በማግስቱ ጺሙን ተላጭቶ በሯ ላይ ቆመ።

ሳይገባው የሚቀባ ሰው ስላልሆነ መጀመሪያ አስረጂኝ አላት።

«ይህ ዱቄት እጅግ በጣም ደቃቅ ነው» አለችው ብልቃጡን እያሳየችው። «በአንድ ፀጉር ውፍረት ላይ በሺዎች የሚቆጠሩትን ጎን ለጎን መደርደር ይቻላል። ብርሃን ሲያርፍበት ይነቃል። ሲነቃ ላዩ ላይ ያለውን አየርና እርጥበት ተናካሽ ያደርገዋል፤ የባክቴሪያውን ቆዳ ቀዶ የሚገድለው እሱ ነው።»

«የግድ ፀሐይ ይፈልጋል?»

«የክፍል መብራት ይበቃዋል።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ይተኛል።»

«እንደ እኔ ነው በይኛ» አለ። «እሺ፣ ሲያልቅስ?»

«አያልቅም። እንደ መድኃኒት ተረጭቶ የሚተን አይደለም፤ ብርሃን እስካለ እዚያው ሆኖ ይሠራል። ግን ነርሶቹ መወልወላቸውን አይተዉም፤ ይህ በዚያ ላይ ተጨማሪ ነው።»

ለሙከራ የተሰጡትን ትንንሽ የብረትና የፕላስቲክ ቁራጮች ቀባቸው። እንደ እንቁላል ቅርፊት እኩል ሆነው ወጡ። ተማሪዎቹ ገና ከመድረቃቸው ወስደው ባክቴሪያ አፈሰሱባቸውና መብራት ሥር አስቀመጧቸው፤ በነጋታው ሲታዩ የተረፈ አልነበረም። ኬሚስቷ ከደስታዋ ብዛት ጋሽ መስታወትን አቀፈችው። ከዚያ ወዲህ በግቢው በር ሲገባ ደረቱን ነፋ ማድረግ ጀመረ። ጠዋት ጠዋት ልጁን እስከ ክፍሏ በር ይሸኛታል፣ ከዚያ «እኔም ወደ ቢሮዬ» ይላል። ቢሮው ማራገቢያ የተገጠመበት ቁም ሣጥን የሚያክል ክፍል ነበር።

ቀጥሎ እውነተኛው ሥራ መጣ። ልጁ ከምትሠራበት ክፍል የስድስት አልጋ ዕቃ፣ የግሉኮስ መስቀያዎቹ፣ የመድኃኒት ጠብታ የሚለኩት ማሽኖች ሽፋን፣ ጣት ላይ የሚቆነጠጡት የኦክስጅን መለኪያዎች ተነቅለው መጡለት። ስድስቱን አልጋዎች እንድትይዝ ሆን ተብሎ የተመደበችው እሷው ነበረች፤ የአባቷን ሥራ እሷ ትጠብቀው ተብሎ ተሳቀ። ጋሽ መስታወት ሁሉንም ቀባ። ደርቀው ሲያያቸው ፊቱ ጠቆረ። በትንንሾቹ ቁራጮች ላይ አልታወቀውም ነበር፤ አሁን ሙሉ ዕቃ ሆነው ሲደረደሩ አመድ የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ። ነጣ ያለ፣ የደበዘዘ፣ ሕይወት የሌለው ቀለም። የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ሥራውን ሊመርቅ ይመጣል ተብሏል። የልጁ ጓደኞች «ይሄ ነው የአባትሽ ሥራ?» ሲሏት በዓይነ ሕሊናው ታየው።

ኬሚስቷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ልትወጣ ስትል ደረሰባት።

«ዶክተር፣ ትንሽ ላሳምረው?»

«አይ፣ ጋሽ መስታወት፣ አያስፈልግም። እንዲሁ ይሁን» አለችና ሄደች።

አያስፈልግም አለች። ሁሉም እንዲህ ይላል። ግን ደግሞ ዝም ብሎ ዘሎ የሚገባ ሰው አይደለምና በራሱ መንገድ አሰበበት። ነገሩ የሚፈልገው ብርሃን ነው። ቫርኒሽ ደግሞ እንደ ውሃ የጠራ ነው። የመስኮት መስታወት ተዘግቶም ፀሐይ ቤት ትገባለች፣ አልጋ ታሞቃለች። ታዲያ ስስ አንድ እጅ ቫርኒሽ ምን ይከለክላል? ከድሮ ጋራዡ ቫርኒሽ አስመጣ። ተማሪዎቹ ሲወጡለት ወለሉን አረሰ፣ ሸሚዙን አወለቀ፣ ጭንብሉን አጠለቀና ቀባ። ሲጨርስ ዕቃዎቹ ከፋብሪካ የወጡ ዕለት እንኳ እንደዚያ አላበሩም። ቆሞ አያቸው፤ ሳንባው ከከዳው ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። በማግስቱ ጠዋት ሠራተኞች መጥተው ወሰዷቸው።

ኬሚስቷ ክፍሉ ውስጥ ተተክለው ስታያቸው «እንዴት አድርገው ነው እንዲህ ያለሰለሱት?» አለችው። እሷ ቀለም ቀቢ አይደለችም፤ ትልቅ ዕቃ ላይ እኩል ሲረጭ እንዲህ የሚያበራ መሰላት።

«የሙያ ነገር ነው» አለ ጋሽ መስታወት፣ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዙሮ። ዳይሬክተሩ እጁን ጨበጠው። ልጁ ከወዲያ ሆና ስትስቅ አያትና ቀኑን ሙሉ ሆዱ ሞልቶ ዋለ።

ወር ሞላ አልሞላ ነገር ተበላሸ። ከየአልጋው ዕቃ በጥጥ ናሙና እየተወሰደ ይመረመር ነበር፤ ስድስቱ አልጋዎች ላይ ባክቴሪያው መጥፋቱ ቀርቶ ካልተቀቡት አልጋዎች በዝቶ ተገኘ። ይባስ ብሎ ከስድስቱ የሁለት ታካሚዎች ቁስል አመረቀዘ። አንደኛው ሽማግሌ ዘበኛ ነበሩ፤ ዕቃቸውን አስረው ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ሲሉ ትኩሳት ያዛቸውና ተመልሰው ተኙ።

የነርሶቹ አለቃ፣ ሜትረኗ፣ ነገሩን በቀላሉ አሰላችው። ቀለሙ ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድም ባክቴሪያ አያስተርፍም። እዚህ ሲመጣ ይረባል። ቀለሙ ያው ከሆነ የተለወጠው ቦታው ነው፤ ቦታውን የያዘችው ደግሞ ነርሷ ናት። «የአባቷን ቀለም ተማምና መወልወል ትታለች» የሚል ወሬ ከልብስ መቀየሪያው ተነስቶ እስከ ምግብ አዳራሹ ደረሰ። ለሰኞ ስብሰባ ተጠራ። ከክፍሉ ትነሳለች፣ ማስጠንቀቂያም ይጻፍባታል ተባለ። እንዲህ ያለ ነገር ከተጻፈባት ደግሞ ሌላ ሆስፒታል እንኳ ብትሄድ ቁስል ያለበት ታካሚ የሚሰጣት አይኖርም።

አርብ ቤት መጥታ ራት አልበላም አለች። እጆቿን ጋቢዋ ውስጥ ከትታ ሶፋው ጥግ ተቀመጠች።

«ወልውያለሁ አባዬ» አለች ድንገት፣ ማንም ሳይጠይቃት። «በአልኮል፣ ጠዋትና ማታ። አንድ ቀን አልዘለልኩም።»

«አልወለወለችም ያለ ማነው?»

«ሁሉም።»

የጋሽ መስታወት ደም ፈላ። ይህችን ልጅ መወልወል ያስተማረ እሱ ነው፤ እድፍ አይታ የምታልፍ ልጅ አላሳደገም። በማግስቱ ኮቱን ለብሶ ሜትረኗን ሊጣላ ሄደ። ልጁ የከሰዓት ተረኛ ስለሆነች ገና አልገባችም። ሜትረኗ ታካሚ ይዛለችና መተላለፊያው ላይ ይጠብቁ ተባለ። መጠበቅ መቼ ይችላል! ሥራውን ልይ ብሎ ክፍሉ ውስጥ ገባና በመጀመሪያው አልጋ አጠገብ ወዳለው የግሉኮስ መስቀያ ጠጋ አለ። መስኮቱ በጎን ነበር። ብርሃኑ ብረቱን በአግድም ሲነካው አንድ ነገር ታየው።

ቫርኒሹ ተሰነጣጥቋል። ከፊት ለፊት አይታይም፤ ከጎን ሲያዩት ግን እንደ ሸረሪት ድር የቀጠኑ መስመሮች ብረቱን ከላይ እስከ ታች ወርረውታል። በጥፍሩ ጫር ሲያደርገው ጥፍሩ ውስጥ ጥቁር እድፍ ገባ። ማንም መኪና ቀቢ ይህን ያውቀዋል፤ በቅጡ ያልጠነከረ ቫርኒሽ በአልኮል ሲታሽ ይሰነጠቃል። ልጁ በወለወለች ቁጥር ስታሰነጥቀው፣ ስንጥቁም ውስጥ ጨርቅ የማይደርስበት እድፍ ሲሞላ ነው የከረመው። ሊጣላ ያዘጋጀው ቃል ሁሉ ጠፋበት። ሜትረኗ ስትመጣ እሱ የለም።

ቀጥታ ወደ ቤተ ሙከራው ሄደ። ኬሚስቷ ቅዳሜም ቢሆን እዚያው ነበረች፤ ፊቷ እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነው።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። «ቀለሙ ላይ ሌላ ስስ ነገር ቢደረብበት፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር… ይሠራል?»

«አይሠራም» አለች ከሥራዋ ቀና ሳትል። «ብርሃኑ ይደርሰዋል፣ ይነቃል። ግን ባክቴሪያው ከላይ ነው፣ እሱ ከታች። መስኮት የተዘጋበት ውሻ ነው የሚሆነው። ሌባውን ያየዋል፣ ይጮሃል፣ ሊነክሰው ግን አይችልም። ምነው ጠየቁኝ?»

«እንዲያው ነው» አለና ወጣ።

መናገር የነበረበት እዚያ ነበር፤ አልተናገረም። ፈራ፣ ሌላ ስም የለውም። ቤት ውስጥ ሥራ ፈትቶ ከመዋል ያወጣው ያ ክፍል፣ ያ ማራገቢያ፣ ያ «ወደ ቢሮዬ» ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲጠፋ ታየው። ከራስ በላይ ነፋስ ይላል ሰው፤ ጋሽ መስታወትም ያንን ተረት እያኘከ ቤቱ ገባ። መንገድ ላይ ዘዴ አውጥቶ ነበርና ለሚስቱ ሁሉንም ነገራት፤ ዘዴውንም ጭምር።

«በጸጥታ እፈገፍገዋለሁ» አላት። «ላድሰው ነው ብዬ ዕቃውን አስመጣለሁ፣ ቫርኒሹን አነሳለሁ፣ ከሥር ያለው ይቀራል። ከዚያ ይሠራል። ማንም ምንም ሳያውቅ ነገሩ ይስተካከላል።»

ሚስቱ የታጠበ ልብስ እያጠፈች ነበር። «መቼ?» አለች።

«የሚቀጥለው ሳምንት።»

«ሰኞ ልጅህ ከክፍሉ ትነሳለች። በሳምንቱ አንተ ትፈገፍጋለህ። ከዚያ ምርመራው ንጹሕ ይሆናል።» አንሶላውን ዘርግታ አራት አደረገችው። «ሰው ምን ይላል? እሷ ስትወጣ ጸዳ ይላል። እስካሁን ጠርጥረዋት ነው፤ አንተ ደግሞ ልታረጋግጥባት ነው።»

ጋሽ መስታወት ይህን አላሰበውም ነበር።

«ከሥራ ያስወጡኛል» አለ።

«ያስወጡሃ! እኔ የድስት ክዳኔን ደብቄ እኖራለሁ። የአባት ዕዳ ለልጅ ሲባል እንዲህ ነው እንግዲህ፤ አንተ ለሠራኸው እሷ ትክፈል?»

«ሰኞ እናገራለሁ» አለ። ሚስቱ ለምን ዛሬ ለልጅህ አትደውልላትም አለችው። በስልክ የሚባል ነገር አይደለም አላት። ልጁ ስትገባ ደክሟት ነበርና አልነገራትም። እሁድ ጠዋት ቁርስ ላይ ሁለት ሦስቴ ጉሮሮውን ጠረገ፤ እሷ ሰዓቷን አየች፣ ተረኛ ነኝ ብላ ወጣች። ሰኞ አንድ ጊዜ ሁሉም ባሉበት ብናገረው ይሻላል ብሎ ራሱን አሳመነ። ሰው ፍርሃቱን በሥነ ሥርዓት ሲያለብሰው ለራሱም አስተዋይ ይመስለዋል።

ስብሰባው ሜትረኗ ቢሮ ነበር። ልጁ በሩ አጠገብ እጆቿን ጠረጴዛው ሥር አድርጋ ተቀምጣለች። ኬሚስቷ አንገቷን ደፍታለች። ጋሽ መስታወት ሳይጠራ ገባ፣ አንዱን የግሉኮስ መስቀያ ከክፍሉ ነቅሎ እንደ ጦር ተሸክሞ።

«አባዬ፣ በናትህ» አለች ልጁ በሹክሹክታ። ሊጣላላት የመጣ መስሏታል።

ከኪሱ ምላጭ ሲያወጣ ሜትረኗ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች። እሱ ግን ምላጩን ብረቱ ላይ አስተኝቶ በቀስታ ገፋው። አንድ ስስ ነገር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገሽልጦ ተነሳ፤ ከሥሩ አመድማው ቀለም ብቅ አለ።

«ይህ ከሥር ያለው የእሷ ነው» አለ ወደ ኬሚስቷ እያሳየ። «ይህ ከላይ ያለው የእኔ ነው። ቫርኒሽ ነው። እንዲያምር ብዬ ደረብኩበት። ቀለሙን አፈንኩት፣ ሊሠራ አልቻለም። ልጄ በአልኮል ስትወለውለው ደግሞ ተሰነጠቀ፣ እድፉ ስንጥቁ ውስጥ ገባ። መወልወል ትታለች ያላችሁት ልጅ፣ ብትተወው ኖሮ እንዲህ አይሰነጠቅም ነበር።»

ኬሚስቷ ልጣጩን ተቀብላ በጣቶቿ መሃል አሸችው፣ ወደ መስኮቱ አንስታ አየችው። መጀመሪያ ፊቷ ፈካ፣ ትልቅ ሸክም የወረደላት ሰው ሆነች፤ ወዲያው ደግሞ ግንባሯ ተቋጠረ።

«አያስፈልግም ብዬዎት ነበር እኮ።»

«ብለሽኛል።»

«ታዲያ አልሰሙኝም?»

«ሰምቻለሁ። ደንበኛ ሁሉ አያስፈልግም ይላል።»

«እኔ ደንበኛዎ ነኝ እንዴ!» ብላ ጮኸች።

ሜትረኗ ከፊቷ ያለውን ማስጠንቀቂያ ሁለት ቦታ ቀደደችና ነርሷን «ወደ ክፍልሽ ሂጂ» አለቻት። ይቅርታ አላለችም፤ አንዳንድ አለቃ ይቅርታውን የሚጠይቀው በወረቀት መቅደድ ነው። ወደ እሱ ዞራ «እርስዎ ደግሞ የቀቡትን ሁሉ ፈግፍገው እንደነበረ ያድርጉ። ስለ ሥራዎ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን» አለችው።

ልጁ መተላለፊያው ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ስደቢኝ» አላት።

«ምን ብዬ?» አለችና ፊቷን ልትጠርግ እጇን አነሳች። እጇን ያየው ያኔ ነው። ጓንት አላደረገችም። የጣቶቿ መጋጠሚያ ቀልቷል፣ ተሰነጣጥቋል፣ አንዳንዱ ጋ ደም አዝሎ ደርቋል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ክሎሪን ነው» አለች። «ክሎሪንና ብሩሽ። መጀመሪያ ሜትረኗ አንቺ ነሽ ስትል አላመንኳትም። በኋላ ግን ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እኔም አመንኩ አባዬ። ባክቴሪያውን በእጄ ይዤ የምዞር መሰለኝ። ከእያንዳንዱ አልጋ በኋላ እጄን እፈትገዋለሁ። ዘበኛውንም ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ።»

እሱ ልጁን ከሌሎች አፍ ሊያድናት ነበር የመጣው፤ ልጁ ለካ ራሷ ላይ ፈርዳ ከርማለች። «ውሰጂኝ፣ ሰውየው ጋ» አላት።

ሽማግሌው ዘበኛ ትራሳቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጋሽ መስታወት መስቀያውን እንደያዘ አልጋቸው አጠገብ ቆሞ የሠራውን ሁሉ ነገራቸው። ቁስላቸውን ያመረቀዘው ያ ይሁን ሌላ በእርግጥ ማንም ሊያውቅ እንደማይችል፣ እሱ ግን የራሱ ጥፋት አድርጎ እንደያዘው ነገራቸው። ልጁ ምንም እንዳላጠፋች ሁለት ጊዜ ተናገረ።

«ዕድሜዬን በር ስጠብቅ ነው የኖርኩት» አሉ ሽማግሌው ጨርሰው ከሰሙት በኋላ። «ሌባ ይዤ አውቃለሁ። ያዙኝ ብሎ የመጣ ግን አንተ የመጀመሪያዬ ነህ። ተቀመጥ።»

«ይቅር አሉኝ?»

«ተቀመጥ ነው ያልኩህ።»

ተቀመጠ። ሽማግሌው ቆይተው ስለ ቀለም ጠየቁት፣ የቤታቸው የብረት በር ዝጎባቸዋል አሉ። ጋሽ መስታወት ሲሻልዎት መጥቼ እቀባዋለሁ አለ፤ ሽማግሌውም እስቲ መጀመሪያ ልዳን አሉት። ሲወጡ ልጁ በሩ ላይ አቆመችው።

«መቼ ነው ያወቅከው?» አለችው።

መዋሸት ይችል ነበር። ዛሬ ጠዋት ቢላት ታምነው ነበር።

«ቅዳሜ» አለ።

ልጁ ቀኝ እጇን ገልብጣ አውራ ጣቷ ሥር ያለውን፣ ከሁሉም ጠለቅ ያለውን ስንጥቅ አየችው።

«ይሄኛው የእሁድ ነው» አለች። ከዚያ ታካሚ ስለጠራት ወደ ክፍሉ ተመለሰች።